ቅዳሜ ጠዋት በር ላይ የቆሙት ልጆች

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው፤ ሰኞ ጠዋት። ቢሮ ገብቼ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ በሩ ተንኳኳ። ከዘራ የያዙ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ትልቅ መዝገብ በብብታቸው ይዘዋል።

"የማኅበሩ ልጆች እዚህ ናቸው?" አሉኝ።

አወቅኳቸው። ደቻቱ ወንዝ ዳር ካሉት ሰፈሮች በአንዱ የእድር ዳኛ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ምድር ባቡር ሠርተዋል። ባለፈው ዓመት የተማሪዎቻችን ማኅበር ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች የሚያስጠናው በእነሱ እድር አዳራሽ ነበር። ወንበር አቀረብኩላቸው። አልተቀመጡም።

"ልጆቹ አራት ቅዳሜ መጡ፣ ልጄ" አሉ። "ደብተራቸውን ይዘው በር ላይ ይቆማሉ። ፀሐዩ ሲከርር ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ከትናንት ወዲያ የመጡት ሁለት ብቻ ናቸው። እኛ ሰው ሲሞት እንኳ ጡሩምባ እናስነፋለን። እናንተ ምን ሆናችሁ ነው ድምፅ ያላሰማችሁት?"

መልስ አልነበረኝም። ከሰኔ ወዲህ ስለ ልጆቹ ያሰብኩት በዚያች ደቂቃ ነው። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን እውነቱ ይህ ነው።

ሥራዬ እዚሁ ድሬዳዋ በአንድ የድኅረ ምረቃ የሶሻል ወርክ (የማኅበራዊ ሥራ) ትምህርት ቤት የመስክ ልምምድ ማስተባበር ነው። በዚያ ላይ የተማሪዎቹ ማኅበር አማካሪ ነኝ። አማካሪነቱን እንደ ትንሽ ሥራ ነበር የማየው። ደብዳቤ ሲፈልጉ እጽፋለሁ፤ አዳራሽ ሲፈልጉ አስፈቅዳለሁ፤ ምርጫ ሲኖራቸው ታዛቢ ሆኜ እቀመጣለሁ። የቀረው የእነሱ ነው። ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ ወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ሆስፒታል፣ እርዳታ ድርጅት ሲሠሩ ቆይተው የመጡ ናቸው። በሥራቸው መግባት አልፈልግም ነበር።

የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ማኅበር ግን የራሱ ጠባይ አለው። ትምህርቱ ሁለት ዓመት ነው። አንደኛው ዓመት በኮርስ ያልቃል። ተማሪው ሰፈሩን ለይቶ፣ ሰዉን ለምዶ፣ ለማኅበሩ ሐሳብ መስጠት ሲጀምር ሁለተኛው ዓመት ይደርሳል። የመስክ ልምምዱና የመመረቂያ ጽሑፉ ይወጥሩታል። ከዚያ ጋውን ለብሶ ይሄዳል። አራት ዓመት በሚፈጅ ትምህርት ላይ ያለ ማኅበር ነባር አባል አያጣም። የእኛ በየዓመቱ ግማሹ እንግዳ፣ ግማሹ ተሰናባች ነው። ሳይሄድ የሚቀረው አማካሪው ብቻ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ኅዳር ላይ የተመረጠው ሥራ አስፈጻሚ ማስጠናቱን ጀመረ። ሠላሳ ያህል ልጆች ይመጡ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ጀምረው ሙቀቱ ሳይበረታ አምስት ሰዓት ላይ ይጨርሳሉ። ንባብ፣ ሒሳብ፣ ከዚያ ጨዋታ። ጥሩ ሥራ ነበር። ሁለት ጊዜ ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ። ክረምቱ ሲገባ "መስከረም መጨረሻ እንገናኛለን" ተባብለው ተለያዩ። ያንን ቃል የሰጡት ተማሪዎች በሙሉ ሐምሌ ላይ ተመረቁ። ቀጣዩ ምርጫ ደግሞ በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት ኅዳር ላይ ነው። ከሐምሌ እስከ ኅዳር ማኅበሩ ስም እንጂ ሰው አልነበረውም። ቀጠሮውን ያከበሩት ልጆቹ ብቻ ናቸው።

በኋላ የእድሩ ዳኛ ተቀመጡ። ሻይ አስመጣሁላቸው። መዝገቡን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው ወደ መጨረሻዎቹ ገጾች ገለጡ። የአባላት መዋጮ መስሎኝ ነበር። የልጆቹ ስም ነው። በአራቱም ቅዳሜ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ አንድ በአንድ ተጽፏል። አዳራሹን የሚከፍቱትን ሰው እንዲመዘግቡ አዘዋቸው ነበር።

"ለምን አስመዘገቧቸው፣ አባባ?" አልኳቸው።

"ስትመጡ ትጠይቁናላችሁ ብዬ።"

ከዚያ ስለ መዝገቡ አወሩኝ። የድሬ ሰው ሐምሌ 1998ን አይረሳም። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ያን ሌሊት ግን ከደጋው የወረደው ጎርፍ ሰው በተኛበት ደረሰ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። የእድሩ መዝገብ ያኔ ጸሐፊው ቤት ነበር። መዝገቡም ጸሐፊውም በአንድ ሌሊት ሄዱ። ሟች ከመብዛቱ ሌላ ማን አባል እንደሆነ፣ የማን ቤተሰብ ምን እንደሚገባው በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው ጠፋ። ዳኛው አንድ ሳምንት ሙሉ ቤት ለቤት እየዞሩ ከሰው አፍ እየለቀሙ ዝርዝሩን እንደገና ጻፉት። ከዚያ ወዲህ መዝገቡ ሁለት ነው። አንዱ እሳቸው ዘንድ፣ አንዱ ሳቢያን ሰፈር አንድ አባል ቤት ይቀመጣል። በየወሩ መጨረሻ ሁለቱን ያስተያያሉ።

"አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር" አሉ፣ "ማኅበሩ አያውቀውም ማለት ነው።"

ያን ዕለት ማታ ለቀድሞዋ ሰብሳቢ ደወልኩላት። ጅግጅጋ ሥራ ይዛለች። ነገርኳት። "ከአንደኛ ዓመቶቹ አንዱ ይቀጥለዋል ብዬ ነበር" አለችኝ። ለማን እንደነገረች ጠየቅኳት። ዝም አለች። አልወቀስኳትም። ያን ጥያቄ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ያውም ሰኔ ላይ። የልጆቹ ዝርዝር የት እንዳለ ጠየቅኳት። የማኅበራችን ጸሐፊ ስልክ ላይ ነው የነበረው። ስልኩ ደግሞ ተሰርቋል።

ከስም ዝርዝሩ በላይ የቆጨኝ ሌላ ነው። የኛን ከተማ ታውቃላችሁ። አንድ ልጅ ቤቱ በሶማልኛ ያወራል፣ ጎረቤት ሲሄድ በኦሮምኛ፣ ሱቅ ሲላክ በአማርኛ። ከተማሪዎቻችን ግን ሦስቱንም የሚችሉት ጥቂት ናቸው። ሰብሳቢዋ ሦስቱንም ትችል ነበር። የትኛው ልጅ በየትኛው ቋንቋ ሲያናግሩት እንደሚፍታታ፣ የትኛዋ ጮክ ብላ ማንበብ እንደምትፈራ፣ የትኛው ቁርስ ሳይበላ እንደሚመጣ አንድ በአንድ ታውቃለች። ስልኩ ላይ አርባ ደቂቃ ያህል ስትነግረኝ እኔ እጽፍ ነበር። ስጨርስ ስድስት ገጽ ሆነ። ያ ሁሉ ከእሷ ጋር አውቶቡስ ተሳፍሮ ጅግጅጋ ሄዶ ነበር።

ክፍል ውስጥ የምናስተምረውን ሳስብ ደግሞ ይብስብኛል። በቡድን ሥራ ኮርስ የቡድን ዕድገት አምስት ደረጃ እንዳለው እናስተምራለን። የመጨረሻው መለያየት ነው። መለያየት ራሱ ሥራ ነው እንላለን፤ አስቀድሞ ይነገራል፣ ጊዜ ይሰጠዋል፣ ሰዉ እንዲዘጋጅበት ይደረጋል። የአሜሪካ ማኅበራዊ ሠራተኞች ብሔራዊ ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብንም እናነባለን። አገልግሎት የሚቋረጥ ከሆነ ለተገልጋዩ በጊዜ አሳውቁ፣ ለሌላ የሚተላለፍበትን ወይም የሚቀጥልበትን መንገድ ፈልጉ ይላል። ተማሪዎቻችን ይህንን ለፈተና ይመልሱታል። በመስክ ልምምዳቸው ላይ ካላደረጉት ነጥብ እቀንስባቸዋለሁ። ማኅበሩ ላይ ሲደርስ ግን ለአንዳችንም ትዝ አላለንም። ማኅበሩን የተማሪ ጉዳይ አድርገን ነው ያየነው። በር ላይ ለቆመው ልጅ ግን ሶሻል ወርክ ማለት እነዚያ ቅዳሜ የሚመጡት ሰዎች ናቸው።

ሙያው ራሱ በአገራችን ይህን ዓይነት መቋረጥ አይቷል። በአዲስ አበባ የሶሻል ወርክ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1959 ተጀምሮ በደርግ ዘመን ተዘጋ። በማስተርስ ደረጃ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ወደ 30 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ነባሩ የሚያውቀውን ክፍል ውስጥ የሚቀበለው ተማሪ አልነበረም። ይህን ታሪክ በየዓመቱ ለአዲስ ገቢዎች በቁጭት እነግራቸዋለሁ።

በማግስቱ ሁለተኛ ዓመቶቹን ሰበሰብኩና የእድሩ ዳኛ ያሉኝን ቃል በቃል ነገርኳቸው። ምርጫ እስኪደርስ አልጠበቅንም። ሰባት ሰው እጁን አወጣ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አብረን ሄድን። በመዝገቡ ላይ ያሉትን ልጆች የእድሩ ሰዎች ቤታቸው ድረስ ሄደው ጠርተውልናል። አሥራ ዘጠኝ መጡ።

ከማስጠናቱ በፊት ይቅርታ ጠየቅን። እኔ በአማርኛ ጀመርኩ፤ ሁለት ተማሪዎች በኦሮምኛና በሶማልኛ ደገሙት። ለልጅ ይቅርታ መጠየቅ እንደዚህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ለምን እንደቀረን ምክንያት መደርደር ያምራል። አልደረደርንም። "ቀጠሮ ሰጥተን ቀረን፤ ጥፋቱ የእኛ ነው" ነው ያልነው።

አንዲት አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ እጇን አወጣች። "እናንተስ መቼ ነው የምትሄዱት?" አለች።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ከተማሪዎቹ አንዱ "አይ፣ እኛማ አንሄድም" ሊል አፉን ሲከፍት አየሁት። አጠገቡ ያለችው ክንዱን ያዘችው። ብድግ ብላ "ሰኔ 14 ቅዳሜ የመጨረሻ ቀናችን ነው" አለች። "ከዚያ በፊት ግን የሚተኩንን ሰዎች ይዘን እንመጣለን። ታውቋቸዋላችሁ። ስማቸውን ትይዛላችሁ።" ልጅቷ ደብተሯን ከፍታ ቀኑን ጻፈች። ያቺ ተማሪ ኅዳር ላይ ሰብሳቢ ሆና ተመረጠች። እኔ ድምፅ የለኝም፤ ቢኖረኝ ለእሷ ነበር የምሰጠው።

ደንቡን ያሻሻልነው በእሷ ጊዜ ነው። ምርጫው ከኅዳር ወደ ጥር ተዛወረ። አዲሱ ሥራ አስፈጻሚ ከነባሩ ጋር አንድ ሴሚስተር ሙሉ ጎን ለጎን ይሠራል። ምክትል ሰብሳቢው የግድ ከአንደኛ ዓመት ይመረጣል። ብዙ ያከራከረን ርክክብ ያልፈጸመ ሰው ክሊራንስ አይሰጠው የሚለው ሐሳብ ነበር። አንዳንዶቹ አጥብቀው ፈለጉት። እኔ አልወደድኩትም። በበጎ ፈቃድ የሚሠራን ሰው በዲግሪው ማስፈራራት ልክ አይመስለኝም። ሰብሳቢዋ "አቦ፣ እድሩ በምን አስፈራርቶ ነው መዝገቡን የያዘው?" ስትል ክርክሩ አበቃ። በምትኩ ርክክቡ በእድሩ አዳራሽ፣ በልጆቹና በወላጆች ፊት እንዲሆን ተወሰነ።

መዝገቡንም ሁለት አደረግነው። አንዱ እኔ ቢሮ፣ አንዱ የእድሩ ሳጥን ውስጥ። በዚህ ላይ አንድ ነገር መጠንቀቅ ነበረብን። እድሩ ዘንድ የሚቀመጠው ላይ ስምና መገኘት ብቻ ነው የሚጻፈው። ሰፈር ሰፈር ነው፤ ሁሉም ይተዋወቃል። ቤት ውስጥ ችግር ያለበት ልጅ ጉዳይ በዚያ መዝገብ አይገባም። እሱ ቢሮዬ በተቆለፈ መሳቢያ ይቀመጣል። ለሚተካው ሰው የሚተላለፈውም እኔ ባለሁበት፣ ለሥራው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው። የእድሩ ዳኛ ይህን ስነግራቸው ቅር ይላቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። "እኛም የሟችን ዕዳ ጮክ ብለን አናነብም" አሉኝ።

ባለፈው ዓመት ከነበሩት ሠላሳ ልጆች አሥራ አንዱ አልተመለሱም። የሁለቱ ቤተሰቦች ቤት ቀይረዋል። የሌሎቹን ወላጆች አነጋገርን፤ ልጆቹን ግን ማምጣት አልቻልንም። በርቀት ሲያዩን ዞር የሚሉም አሉ። አልፈርድባቸውም።

ሰኔ 14 ደረሰ። በጠዋቱ ይሞቅ ነበር፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። አዲሶቹ ከየካቲት ጀምሮ ሲመላለሱ ስለቆዩ ልጆቹ በስማቸው ነበር የሚጠሯቸው። ሰብሳቢዋ ቁልፉንና መዝገቡን ለተተኪዋ አስረከበች። የእድሩ ዳኛ ምስክር ሆነው ፈረሙ። እኔም ፈረምኩ።

ስንወጣ ያቺ ልጅ ደብተሯን ይዛ ወደ አዲሱ ምክትል ሰብሳቢ ሄደች። ጥቅምት ላይ የጻፈችውን ቀን በመስመር ሰርዛዋለች። ከሥሩ ባዶ ቦታ ትታለች። እስክሪብቶውን ዘረጋችለት።

"ያንተን ጻፍልኝ" አለችው።