ወፍራም፣ ክብ ጫፍ ያለው ፎንት ስሠራ ያስቸገሩኝ ሣልስና ኃምስ

ለታፔላና ለስቲከር ብዬ የጀመርኩት ፎንት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሞላ። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ናቸው። ዲቃላዎቹ እነ ሟ፣ እነ ቋ ገና ናቸው፤ ቁጥሮቹንም አልነካኋቸውም። ግን ጎንደር ፒያሳ ላይ አንድ ጁስ ቤት በር ላይ ተለጥፎ ሳየው ዝም ማለት አልቻልኩም።

በእርሳስ ስሎ ስካን ማድረጉን፣ የሥዕል ፕሮግራሙ ኢንክስኬፕ ላይ መስመሩን መከተሉን፣ የፎንት መሥሪያው ፎንትፎርጅ ውስጥ ማስገባቱን ዩቲዩብ ከእኔ በተሻለ ያስተምራችኋል። ሁለቱም ፕሮግራሞች ነፃ ናቸው። ዓይኔን የከፈተልኝ ኦስዋልድ ኩፐር በ1922 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ኩፐር ብላክ የተባለው የላቲን ፎንት ነው፦ ወፍራም፣ ጥግ የሌለው፣ ከሩቅ የሚጣራ። የእኛ ፊደል ግን የመቃ ብዕር ልጅ ነው፤ ቋሚው ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን። ሁሉንም እኩል ስታወፍሩት ጣጣው ይመጣል።

ሣልስ (እንደ ቢ) አብዛኛውን ጊዜ እግሩ ሥር ወደ ቀኝ አጭር ጭረት አለው፤ ኃምስ (እንደ ቤ) እዚያው ቦታ ቀለበት። ፊደሉ ሲወፍር የቀለበቱ ቀዳዳ ይደፈናል፤ ጫፉ ሲከብ ደግሞ ጭረቱ ያብጥና ቀለበት ይመስላል። ዳቦ ቤት፣ ምግብ ቤት፣ ሻይ ቤት፤ እስቲ ቤ የሌለበት ታፔላ ፈልጉ! ከመንገድ ማዶ «ቢት» ተብሎ ከተነበበ ማማሩ ምን ይረባል?

በመጨረሻ ሁሉም ጫፍ እኩል ይክበብ የሚለውን ሕግ ጣልኩት። የሣልሱን ጭረት ረዘም፣ ቀጠን አድርጌ ጫፉን ትንሽ ብቻ አለሰለስኩት። የኃምሱን ቀለበት ከእግሩ አሳስቼ ፊደሎቹ ከሚቆሙበት መስመር በታች ጥቂት አወረድኩት፤ ለቀዳዳው ቦታ የተገኘው ከዚያ ነው። ክብ ነገር መስመሩን ጥቂት ካላለፈ ለዓይን ያነሰ ስለሚመስል፣ ማውረዱ በዚያም በኩል ጠቀመ። መፈተኛዬ «ሌሊት» ነው፤ ኃምሱና ሣልሱ ጎን ለጎን አሉበት። በትንሹ አትማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉና ራቅ ብላችሁ አንብቡት።

ቀጭን ፎንት ወስዶ ዙሪያውን በአንድ ትእዛዝ ማወፈር የሚባለውን ነገር አልወድም። ጬ ላይ ስትደርሱ እግሩና ቀለበቱ ተጣብቆ ይጠብቃችኋል። ከሀ መጀመርም አይታየኝም፤ ውፍረቱን የሚወስኑት ቤ እና ጬ ናቸው፣ ሀ የሰጣችሁትን ይችላል።

ከተር (የስቲከር መቁረጫ ማሽን) ለሚጠቀም ሰው ክብ ጫፍ በረከት ነው፦ የስቲከር ሹል ጥግ ቶሎ ይላቀቃል፣ ክቡ ይቆያል። ባጃጅ ላይ ለለጠፈ ይሄ ቀላል አይደለም። ጥጋቸው የተጠማዘዘ የጣልያን ጊዜ ሕንፃዎች ላይ ሲሰቀልም ያምርበታል፤ ምናልባት ማድላቴ ይሆናል። ለሙት ዓመት ባነር ግን ጠይቀውኝ እምቢ ብያለሁ፤ ድፎ ዳቦ የመሰለ ፊደል ለሐዘን አይሆንም። ረጅም ጽሑፍም አይሞከርበት፣ ከሁለት መስመር በላይ ያደክማል።

በፊደላት መካከል ያለውን ክፍተት እስካሁን እያንዳንዱ ሥራ ላይ በዓይኔ እየገመትኩ ነው የማስተካክለው፤ ፎንቱን ለሌላ ሰው ያልሰጠሁት በዚህ ነው። ጥንድ በጥንድ የሠራችሁ ካላችሁ ከየትኞቹ እንደጀመራችሁ ንገሩኝ።