የሲኒው ወርቅ ለምን ደበዘዘ?

ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ብዙም በማይርቅ አንድ የሲኒ ሥዕል ወርክሾፕ፣ ለሠርግ ስጦታ የታዘዙ ሦስት ደርዘን ሲኒዎች ለመጨረሻ ጊዜ ምድጃ ገብተዋል። የተሣለባቸው አበባ ቀደም ብሎ በ800 ዲግሪ ተቃጥሏል፤ የቀረው የጠርዙ ወርቅ ነው። መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ተለማማጇ ሠጋች።

«እትዬ፣ ሳይሄድብን ክዳኑን ዘግተን ቶሎ እናድርሰው?»

ኃላፊዋ ከደንበኛ ጋር ይነጋገሩ ስለነበር «እሺ» ብለው አለፉ። ምድጃው ገና 200 ዲግሪ ላይ ነበር።

መብራቱ አልሄደም። በማግስቱ ሲከፈት ግን ወርቁ ጉም የለበሰ መስሎ ወጣ።

ፈሳሹ ወርቅ ጠርሙሱ ውስጥ ሳለ ቡናማ ዘይት ነው። ወርቁ ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ዘይትና ሙጫ ነው። ይህ ሁሉ ተቃጥሎ በጭስ መልክ መውጣት አለበት። ስለዚህ ምድጃው 500 ዲግሪ እስኪደርስ ክዳኑ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ከፈት ይላል፣ ሙቀቱም በሰዓት ከ150 ዲግሪ ባልበለጠ ፍጥነት ይጨምራል። ከዚያ ተዘግቶ ከ720 እስከ 780 ይደርሳል። ቀድሞ ከተዘጋ ጭሱ መውጫ፣ ዘይቱም ለመቃጠል የሚበቃ አየር ያጣሉ፤ ወርቁም ይደበዝዛል።

የሚያሳዝነው፣ የተፈራው ነገር ያን ያህል የሚያስፈራ አልነበረም። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ በግማሽ የበሰለ ቀለምም ሆነ ወርቅ እንደገና ሊቃጠል ይችላል። ሲኒ የሚሰነጥቀው ትኩሱን ምድጃ ለማየት ጓጉቶ መክፈት ነው፤ ከ100 ዲግሪ በታች እስኪወርድ አይነካም።

በስምንት ሲኒዎች ሆድ ላይ ደግሞ ወይን ጠጅ የጣት አሻራ ታየ። ጣት ላይ የቀረች፣ በዓይን የማትታይ የወርቅ ቅሪት ስትቃጠል ቀለሟ ይህ ነው። የኛ ሲኒ እጀታ ስለሌለው ሠዓሊ ሳያስበው ሆዱን ይይዛል። ጣትን ወደ ውስጥ አስገብቶ ከውስጥ ወጥሮ መያዝ ይሻላል። ምድጃ ከመግባቱ በፊትም እያንዳንዱ ሲኒ ወርቁ ሳይነካ በአልኮል በራሰ ጥጥ ይጠረጋል፤ ይህን ሥራ ለነገ የሚያቆይ ሰው በኋላ ይጸጸታል፤ የተቃጠለ አሻራ ከመስታወታማው ልባስ ጋር ስለሚዋሃድ በውሃም በሳሙናም አይለቅም።

የደበዘዘው ጠርዝ ሁለተኛ ስስ ወርቅ ተቀብቶ፣ ክዳኑ ከፈት ብሎ ተቃጠለና አበራ። ስስ ሲባል ግን መጠን አለው፤ ከበዛ አረፋ ያወጣል፣ ካነሰ ደግሞ ራሱ ወይን ጠጅ ይሆናል። አሻራ ካለባቸው ስምንቱ በአምስቱ ላይ አሻራው አበባው አጠገብ ስለነበር መሸፈኛ ቅጠል ተሣለባቸው። ሦስቱ በአዲስ ሲኒ ተተኩ፤ እነዚህ ከአበባው ጀምሮ ሁለቱንም ቃጠሎ ማለፍ ነበረባቸው።

ለደንበኛዋ ሲሰጡ «በሽቦ አይታጠብ፣ ማይክሮዌቭ ውስጥም አይግባ» ተብሎ ተነገራት፤ ወርቁ ብረት ነውና ማይክሮዌቭ ውስጥ ብልጭታ ይፈጥራል።