አራት ያመጣው ልጄ

ልጄ 3ኛ ክፍል እያለ የሒሳብ ፈተና ወረቀቱን ይዞ መጣ። ግርጌው ላይ በቀይ 4 ተጽፏል። አቅፌ ሳምኩት። እኔ ባደግሁበት ሰፈር አራት ነጥብ ያመጣ ልጅ ዓመት ይወራለታል። እሱ ግን አንገቱን እንደደፋ ቀረ። እዚህ ጀርመን ትልቁ ውጤት 1፣ የመጨረሻው 6 መሆኑን በማግሥቱ የነገረችኝ አብራኝ የምትሠራ ሴት ናት። ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅኩ፤ ያኔ።

የምንኖረው ኑረንበርግ ነው። ከተማዋ ባለችበት በባየርን ክልል ልጆች ሁሉ አብረው የሚማሩት እስከ 4ኛ ክፍል ብቻ ነው። በሜይ መጀመሪያ በሚሰጠው ሰርተፍኬት የጀርመንኛ፣ የሒሳብና የአካባቢ ትምህርት ውጤት ተደምሮ ለሦስት ይካፈላል። 2.33 እና ከዚያ የተሻለ ያለው ጂምናዚየም ይገባል፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ ቀጥታ የሚወስደው እሱ ነው። እስከ 2.66 ሪያልሹለ፣ መካከለኛው ትምህርት ቤት። የቀረው ሚትልሹለ፣ ወደ ሙያ የሚያዘነብለው። ነጥቡ ያልሞላለት የሦስት ቀን የሙከራ ትምህርት መሞከር ይችላል። እኔ ግን ይህን የሰማሁት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

ልጄ ሚትልሹለ ተመደበ። 10 ዓመቱ ነበር። ጥርሱን እንኳ ነቅሎ አልጨረሰም።

የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የሚያውቁት ወላጆች ከ3ኛ ክፍል ጀምረው ልጃቸውን ያስጠናሉ። እኔ ማታ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እደረድር ነበር። ፒሳ የሚባለው፣ የብዙ አገር ተማሪዎችን የሚያወዳድረው ፈተና የ2000 (እ.ኤ.አ.) ውጤት ሲወጣ፣ በጀርመን የልጅ ውጤት ከወላጁ ኑሮ ጋር ምን ያህል እንደተቆራኘ ታይቶ አገሩ ተደናግጦ ነበር። ድንጋጤው ግን ብዙም አልሄደም። ሐምቡርግ ላይ ልጆቹ እስከ 6ኛ አብረው ይቆዩ ቢባል፣ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ጣለው።

እንግዲህ የተረፈን አውስቢልዱንግ ነው፤ እየሠሩ የሚማሩት የሙያ ሥልጠና። ልጄ 10ኛን ጨርሶ፣ ስንትና ስንት ማመልከቻ ልኮ፣ አንድ ፋብሪካ የኢንዱስትሪ መካኒክነት ሰልጣኝ አድርጎ ተቀበለው። ሦስት ዓመት ተኩል። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ትምህርት ቤት፣ ሌላውን ቀን ሥራ ላይ። ደሞዝ አለው! ትምህርት እየተማሩ ደሞዝ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሞረድ ብቻ ነበሩ። አንዲት የብረት ጡብ ይሰጡታል፣ በእጁ ይሞርዳል። አሰልጣኙ ስኳድራውን፣ የማዕዘን መለኪያውን፣ ብረቱ ላይ ያስደግፍና ወደ መስኮቱ ያነሳዋል። በመሃል ብርሃን ሾልኮ ከታየ "እንደገና።" ልጁ መዳፉ ተልጦ ይመጣ ነበር። በመጨረሻ ያቺን ብረት ቤት አመጣት፤ እናቱ አሁን የሊጥ ባልዲ ክዳን ትጫንባታለች።

ታላቅ እህቴ ከደብረ ብርሃን ደወለች። "ምን ያጠናል?" አለችኝ። ነገርኳት። "ውይ! ጀርመን ድረስ ሄዶ ቀጥቃጭ?" ምን ልበላት? እኔም ብሆን ለጓደኞቼ "ኢንጂነሪንግ ነገር ነው" እያልኩ ከርሜያለሁ። እኛ ዘንድ ቴክኒክና ሙያ የሚገባው ማትሪክ የወደቀ ነው ሲባል ነው ያደግነው። እዚህ ግን የንግድና ኢንዱስትሪ ምክር ቤት ፈትኖ የሚሰጠው ወረቀት በመላው ጀርመን ያው ነው። ማይስተር፣ ማለትም በሙያው የተፈተነ ዋና ባለሙያ፣ ከሆነ ደግሞ ዩኒቨርሲቲም ይከፈትለታል፤ ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ክልሎቹ ተስማምተውበታል። ዙሪያ ጥምጥም ነው እንጂ መንገድ አለው።

ወረቀት የሌለው ግን ወዮለት። መርካቶ 15 ዓመት ሞተር ያወረደ ወዳጄ እዚህ ጋራዥ ውስጥ "ረዳት" ነው። ሞተሩን በድምፁ ብቻ ያውቀዋል፤ የሚፈርመው ግን ወረቀት ያለው የ22 ዓመት ልጅ ነው።

ልጄ ዘንድሮ ተመርቋል። ከእኔ የተሻለ ይከፈለዋል። እህቱ ደግሞ 4ኛ ክፍል ገብታለች። አውስቢልዱንግን ለሰው ሁሉ የማወድሰው ሰውዬ፣ ለእሷ በሳምንት ሁለት ቀን የሒሳብ አስጠኚ ቀጥሬያለሁ። ባለፈው አስጠኚዋ ስትወጣ ልጄ ከሥራ ሲገባ በር ላይ ተገናኙ። ጫማውን እየፈታ፣

"ለእኔ ለምን አልቀጠርክልኝም?" አለኝ።

"አላወቅኩም ነበራ።"

"እሺ" አለና እጁን ሊታጠብ ገባ።