እማዬ ከፍራሹ ስትነሳ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ያለ ምክንያት አለቀስኩ። ምክንያት ካስፈለገ ዝናቡ አለ። የደብረ ማርቆስ ነሐሴ እንደምታውቁት ነው፤ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ እንደጠቆረ ዋለ። መንታዎቹ ጎረቤት ሄደዋል። ታላቃቸው ስልክ ላይ ነው። ቤቱ ጭር ሲል ሆዴ ባሰኝ።

አመም አድርጎኝ አይደለም። የሆዴን ኦፕሬሽን ስፌት አሁን የያዘው ማሳከክ ነው። ከእምብርቴ በታች ያለው ቆዳ ግን እስካሁን የኔ አልመስል ብሎኛል። ስነካው ጣቴ ላይ ይሰማኛል፣ ሆዴ ላይ ምንም የለም። ዶክተሩ ይህን አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር። ቆዳው ሲነሳ ጥቃቅን ነርቮች አብረው ይቆረጣሉ፤ ስሜቱ በወራት ቀስ እያለ ይመለሳል፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ላይመለስም ይችላል አለኝ። ማልቀሱንም ነግሮኛል። ከትልቅ ኦፕሬሽን በኋላ ሆድ መባስ ያለ ነው፣ አትደንግጪ ብሎኛል። አልደነገጥኩም። ግን አለቀስኩ።

ብዙዎቻችሁ እንዴት ሆንሽ እያላችሁ ስትጠይቁኝ ነበር። በአጭሩ ደህና ነኝ። ረዘም አድርጌ ለመጻፍ ግን አሁን ነው አቅም ያገኘሁት።

ኦፕሬሽኑን ለምን እንደገባሁበት የምታውቁ ታውቃላችሁ። መንታዎቹ ከተወለዱ በኋላ ሆዴ አልተመለሰም። ክብደቴ ወርዷል፣ ፊቴ ሟሟ፣ ሆዴ ብቻ እንደ ስድስት ወር እርጉዝ ቀረ። ባጃጅ ውስጥ "ነፍሰ ጡር ናት፣ ጠጋ በሉላት" ይሉኛል። ክፍል ውስጥ አንዷ ተማሪዬ እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ መቼ ነው የሚወልዱት?" አለችኝ። ልጅቷ ክፋት የላትም። ደስ ብሏት ነው የጠየቀችኝ። እኔ ግን የዚያን ቀን የቀረውን ክፍለ ጊዜ ደብተር ሆዴ ላይ አድርጌ አስተማርኩ። ወገቤም አለ። ሁለት ክፍለ ጊዜ ተከታትሎ መቆም ይከብደኝ ጀምሮ ነበር።

መጀመሪያ ስፖርቱን ሞከርኩ። ትንሽ ረድቶኛል፣ ወገቤን በተለይ። የተለጠጠውን ቆዳ ግን ስፖርት አይሰበስበውም። አዲስ አበባ ሄጄ ዶክተሩ ጋ የቀረብኩ ቀን በጀርባዬ አስተኛኝና "ጭንቅላትሽን ብቻ ቀና አድርጊ" አለኝ። ቀና ሳደርግ ከደረቴ ስር እስከ እምብርቴ መሃል ለመሃል አንድ ነገር ተነሳ፣ ሾጠጥ ያለ፣ ረጅም። እጄን ይዞ እዚያ ላይ አስቀመጠልኝ። ጣቶቼ ወደ ውስጥ ሰመጡ። "ግራና ቀኙ ጡንቻሽ ነው" አለኝ። "በእርግዝና ጊዜ ተራርቀዋል። ተመልሰው አልገጠሙም። ለዚህ ነው ሆድሽ የማይያዘው።" ለመጀመሪያ ጊዜ ስንፍና አይደለም ያለኝ ሰው እሱ ነው። እዚያው አልጋው ላይ እንባዬ መጣ።

ከዚያ ደግሞ ያላስቸኮለኝም እሱ ነው። ይህ ክብደት መቀነሻ አይደለም አለኝ። ክብደትሽ አንድ ቦታ ይርጋ፤ ሌላ ልጅ የምታስቢ ከሆነ ቆይ፣ እርግዝና መልሶ ይለጥጠዋል አለኝ። ደሜን አስመረመረኝ፣ አነስ ብሎ ተገኘ፣ የደም ማነስ መድኃኒት ወስጄ ተመለስኩ። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደም ስለሚያቀጥኑ ከቀጠሮው ቀደም ብለሽ አቁሚ ተባልኩ። የባህል መድኃኒትም ካለ ሳትደብቂ ንገሪኝ አለኝ። እማዬ ጠዋት ጠዋት የምታልሰኝን ጥቁር አዝሙድና ማር ነገርኩት። እሱንም አስቆመኝ። እማዬ ይህን ስትሰማ ትንሽ ከፋት።

ኦፕሬሽኑን በሰመመን ነው ያለፍኩት፣ ስለዚህ የማውቀው የተነገረኝን ነው። ከአንዱ ዳሌ እስከ ሌላው ዳሌ፣ ከድሮው የመውለጃ ስፌቴ ጋር አያይዘው ቀደዱት። ቆዳውን እስከ ጎድኔ ድረስ አነሱት። የተራራቁትን ጡንቻዎች መሃል ላይ ሰፍተው ገጠሟቸው። ትርፉን ቆዳ ቆርጠው ጣሉት። እምብርቴ ከስሩ አልተነቀለም፤ ቆዳው ወደ ታች ሲሳብ አዲስ ቀዳዳ ተከፈተለት። ስነቃ መጀመሪያ የተሰማኝ ሕመም አይደለም፣ ጥብቀት ነው። ቀና ልበል ብል አልቻልኩም። የመጀመሪያውን ሳምንት ጎብጬ ነው የሄድኩት። የተኛሁትም ጀርባዬ በትራስ ከፍ ብሎ፣ ጉልበቴ ታጥፎ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ሳል ነው። ትራስ ሆዴ ላይ ጥብቅ አድርጌ አቅፌ ነበር የማስለው። እህቴ ደግሞ ቱቦዎቹን ትጠብቅልኝ ነበር። ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያወጡ ቀጭን ቱቦዎች ናቸው፤ ጫፋቸው ላይ በእጅ ተጨምቆ የሚዘጋ ትንሽ ፕላስቲክ አለ። ጠዋትና ማታ እየደፋች ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ በደብተር ትጽፋለች። ቀይ የነበረው እየሳሳ ሄዶ ቢጫ ሆነ። በቀን ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲወርድ ተነቀለልኝ። ያን ቀን እህቴ ከኔ በላይ ደስ አላት።

ወደ ማርቆስ የተመለስኩት ዶክተሩ ሲፈቅድ ነው። ረጅም መንገድ ቁጭ ብሎ መሄድ ደም እግር ውስጥ እንዲረጋ ያደርጋል፣ መኪናውን እያስቆምሽ ተራመጂ ብሎኛል። ጎሐ ጽዮን ወረድን፣ ተራመድኩ። ዓባይን ተሻግረን ደጀን ወረድን፣ እዚያም ተራመድኩ። ቀበቶውና ሆዴ መሃል ትራስ አድርጌ፣ በረሃው ጠመዝማዛ ላይ በተናጥን ቁጥር ማርያምን እየጠራሁ ቤቴ ገባሁ።

ቤት ስደርስ ፍልሰታ ገብቷል። ዶክተሩ ቁስል እንዲሽር እንቁላል፣ ሥጋ፣ ወተት ብዪ ብሏል። እኔ አልበላም አልኩ። የታመመ ሰው ይፈቀድለታል፣ እኔ ግን ታምሜ አይደለም፣ በእግሬ ሄጄ ነው የተኛሁት። ይህ ነገር ውስጤን ሲበላው ነበር። እማዬ ምንም ሳትለኝ የንስሐ አባታችንን ሄዳ ጠየቀች። "ቁስሉ ሽሯል?" አሏት። "አልሻረም።" "እንግዲያ ትብላ።" በቃ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። እማዬ እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል በአፏ ሳይዞር፣ ለኔ ብቻ በለየችው መጥበሻ እንቁላል ትጠብስልኛለች። ጨውን ስለማትቀምስ አጠገቤ ቆማ "ገጠመው?" ትለኛለች። ሁልጊዜ ይገጥማል።

ጎረቤቱም አልቀረም። ዳቦ የያዘ፣ ቆሎ የያዘ፣ ባዶ እጁን የመጣም አለ። "እግዜር ይማርሽ" ይሉኛል። ምን ነበር ብሎ ለሚጠይቅ እማዬ "ሆዷን ታክማ ነው" ትላለች። ከዚያ በላይ አትጨምርም፣ ከዚያም አትቀንስም። አንድ ቀን እኒያን አሮጊት ጎረቤታችንን ታውቋቸው የለ፣ እሳቸው ገቡ። አልጋ ላይ ነኝ፣ ሆዴ ታስሯል፣ አጥሚት ይዣለሁ። እያዩኝ "እንኳን ማርያም ማረችሽ!" አሉ። ማንም አልሳቀም። "አሜን" አልኳቸው። ከልቤ ነው ያልኩት። አራስ ቤት ነው የሚመስለው፣ ሕፃን የለም እንጂ።

እዚህ ላይ ስደርስ ነው ሐሳቤ ወደ ሌላ የሄደው። ስለ ለቅሶዬ ልጽፍ ነበር የተነሳሁት።

ለ6 ሳምንት ቀንና ሌሊት የምለብሰው ጥብቅ ልብስ አለ። ሆድን ይዞ እብጠትን የሚቀንስ፣ በጎን በኩል በመንጠቆ የሚቆለፍ። ጠዋት ስታጠብ የምትቆልፍልኝ እማዬ ናት። ከታች ትጀምራለች፣ አንድ በአንድ፣ ትንፋሼን እስክይዝ ትጠብቃለች። ደጋግማ "ጥብቅ ይበል፣ ወገብ የሚያሳርፈው እሱ ነው" ትላለች። እኔ ዝም ብዬ እሰማት ነበር። ትናንት ማታ ግን ከየት አወቅሽ ብዬ አሰብኩ።

እማዬ እኔ ክፍል መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግታ ነው የምትተኛው። ሌሊት ውሃ ብፈልግ ብላ ነው። ማታ መቀነቷን ስትፈታ አየኋት። ረጅም ነው፣ ስንቴ እንደሚዞራት ታውቃላችሁ። ጫፉ ላይ ብሯን ትቋጥራለች። ፈትታ ስትጨርስ ሆዷ በቀሚሱ ስር ወደ ፊት መጣ፣ እሷም እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቃተተች። ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ነገር ነው። አይቼው ግን አላውቅም።

ከዚያ ሌሊት ለጸሎት ስትነሳ ነቅቼ ነበር። ወደ ጎኗ ዞረች። በክንዷ ፍራሹን ገፋች። እግሯን አወጣች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ቀና አለች። ልክ ይህንን ነው አዲስ አበባ ነርሷ ያስተማረችኝ። በሆድሽ ኃይል እንዳትነሺ፣ ወደ ጎን ዙሪ፣ በክንድሽ ገፍተሽ ተነሺ እያለች፣ ደጋግማ። እማዬን ማንም አላስተማራትም። እኔ ልጅ ሆኜ አገር ቤት ከመደብ ስትነሳም እንዲሁ ነበር የምትነሳው። ሰባት ወልዳ፣ ሁሉንም ቤት ውስጥ።

ጠዋት ቡና ላይ ጠየቅኳት። መቀነቱን ባታስሪ ምን ትሆኛለሽ አልኳት።

"ምን እሆናለሁ አንች፣ ወገቤ ይቆረጣላ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ካንች ታላቅ ወዲህ ነው መሰለኝ። አጨዳ ደርሶ ነበር፣ ሳልጠና ተነሳሁ።"

እኔ 5 ኪሎ እንዳላነሳ ተከልክያለሁ። ልጆቼን ማቀፍ አልችልም፣ ትንሿ መንታ አልጋው ስር ቁማ እጇን ስትዘረጋልኝ አንጀቴ ይላወሳል። እማዬ ከጮቄ ተራራ ስር ካለው ምንጭ ሞልቶ የሚፈስ እንስራ በጀርባዋ አዝላ ዳገት ትወጣ ነበር፣ አራስነቷን ሳትጨርስ። ይህን እየነገረችኝ ስኒ ታጥባለች። ስታዝን አላየኋትም። የሚያሳዝን ነገር እየነገረችኝ እንደሆነም አታውቅም።

ከዚያ ሳለች። ስትስል እጇን እምብርቷ ላይ ጫን አደረገች። ምንድን ነው አልኳት። ስታስል ወጣ ይላል፣ በእጅ ሲገፉት ይመለሳል አለች። አሳዪኝ ብላት አፈረች። በመጨረሻ አሳየችኝ። እምብርቷ ላይ ትንሽ እብጠት አለ፣ ለስላሳ፣ ስትተነፍስ የሚመለስ። "የልጅ ነው" አለች። "አገሩ ሁሉ አለበት። ይሄ ሕመም ነው እንዴ? ወልጄ ነው።"

እሱን አልተውም። እንዲህ ያለ እብጠት አንድ ቀን አልመለስም ካለ፣ ከደነደነና ካመመ፣ ማስመለስም ካመጣ፣ አንጀት ተይዞ ሊሆን ስለሚችል ለነገ የማይባል ነው። ቀላል ቀጠሮ ሳለ ነው መታየት ያለበት። ፆሙ እንደተፈታ እዚሁ ማርቆስ ሐኪም ጋ ይዣት እሄዳለሁ። እንቢ ብትል እንኳ "የኔን ቁስል ላሳይ ነው፣ ደግፊኝ" ብዬ እወስዳታለሁ። እሱን ቆርጫለሁ።

ያልቆረጥኩት ሌላው ነው። የኔ የተሰፋው መሃሉ የሷ እንደተከፈተ ነው ያለው። ያ ሁሉ ዓመት በመቀነት የያዘችው እሱን ነው። ቤታችን ውስጥ ስለሆዱ አልቅሶ የታከመ እኔ ነኝ፣ ሌሊት ውሃ ለማቀበል መሬት ላይ የምትተኛው እሷ ናት። አሁን ምኑን ነው የምነግራት? እማዬ፣ የሚታከም ነበር ልበላት? ስሙን ልንገራት? ጭንቅላትሽን ቀና አድርጊ ብዬ እጇን ይዤ እዚያ ላይ ላስቀምጥላት? እኔ ሐኪሙ ሲነግረኝ ዕረፍት ነው የተሰማኝ። እኔ ግን ገና ነበርኩ፣ ከፊቴ ቀጠሮ ነበረኝ። እሷ ደግሞ ወልጄ ነው ብላ፣ ያን ሁሉ ሸክም ከልጆቿ ጋር አብራ ቆጥራው፣ በሰላም ትኖራለች።

ዝናቡ አላባራም። እማዬ ከውጭ ልጆቹን እየተጣራች ነው። እናንተ ብትሆኑ ትነግሯት ነበር?