ሪሞቱ እጄ ላይ ነው፤ ማሽኑን ማን አበራው?

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ያለችው የእንጨት ሥራ ቤቴ ጠባብ ናት። የሰጋቱራ መምጠጫው ማሽን ጥግ ይዟል፤ ማብሪያው ደግሞ ከማሽኑ ጀርባ ነው። እሱን ለመንካት ጣውላ መሻገር፣ በተደገፈው ኤምዲኤፍ መሀል በጎን መሹለክ አለ። ስለዚህ ማንም አያበራውም። «ለሁለት ቁራጭ ብዬ?» እንላለን። ማታ ስናስነጥስ የሚወጣው ቺፑድ ይሠራል።

መሳቁን እንሳቅ እንጂ የእንጨት ብናኝ ቀልድ አያውቅም። ሳንባ ድረስ የሚዘልቀው መሬት ላይ የምናየው ሰጋቱራ ሳይሆን ዓይን የማያየው ደቃቁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም ካንሰር አምጪ ከሚላቸው ነገሮች ተርታ መድቦታል። እናም ቆሜ ካለሁበት በሪሞት ላበራው ቆረጥኩ።

ባለ አራት ቁልፍ ሪሞት ከነተቀባይ ሰሌዳዋ ገዛሁ። ሰሌዳዋ የምትሠራው በ12 ቮልት ነው፤ ከተበላሸ ራውተር የተረፈ አዳፕተር ነበረኝ። ሰሌዳዋ ላይ ያለው ሪሌይ፣ ማለትም በሪሞቱ ትእዛዝ መብራት የሚያገናኘውና የሚቆርጠው ትንሽ ማብሪያ፣ «10 አምፔር» ተጽፎበታል። እኔን እመኑኝ፣ እሱን አትመኑት። የእኔ ሞተር ባለ 2 የፈረስ ጉልበት ነው። ሲነሳ ለቅጽበት ከመደበኛው አምስት ስድስት እጥፍ ይስባል። ያኔ የሪሌዩ ምላሶች ተጣብቀው ሊቀሩ ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላ ሪሞቱን ብትጫኑት ባትጫኑት ያው ነው። ስለዚህ ሪሌዩ ኮንታክተር፣ ማለትም ከባድ ሞተር የሚችል ትልቅ ማብሪያ፣ ብቻ እንዲቀሰቅስ አደረግኩ። ሞተሩን የሚሸከመው ኮንታክተሩ ነው። «ጧ!» ይላል፤ ማሽኑ ይነሳል።

ኩራቴን አትጠይቁኝ። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ወገቤን ይዤ እጫናለሁ። ጎረቤቴ የብየዳ ቤቱ ባለቤት ደጋግሞ አስበራኝና «የት ገዛኸው?» አለ። ነገርኩት። ብዙም ሳይቆይ እሱም ለስፒከሩ ገጠመ።

ከዚያ ማሽኑን ነገር ጀመረው። ማንም ሳይነካው ይነሳል። ሥራ ላይ ሳለን ጸጥ ይላል። ረዳቴ «ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም» ይላል። «ታዲያ እኔ ነኝ?» እለዋለሁ። አንድ ጠዋት የላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ኮንታክተሩ ሥር ቆሞ አገኘሁት። ጠበል ነው።

«ትንሽ ልርጨው?»

«220 ቮልት ላይ? ሰይጣኑ ሳይሆን ያንተ ነፍስ ናት የምትለቅ!»

ነገሩ የለየለት እማማ የመጡ ዕለት ነው። ለልጃቸው ሰርግ ቁምሳጥን አዘውኛል። ከሥላሴ መመለሳቸው ነው፤ ከላይ እስከ ታች ነጭ በነጭ። ረዳቴ የማሽኑን የታችኛውን ከረጢት አውልቆ ሰጋቱራውን ወደ ማዳበሪያ እየገለበጠ ነበር።

«ደረሰልኝ ወይ ልጄ?»

«ይግቡ እማማ፣ ይግቡ።»

ጧ!

ከረጢት የሌለው ማሽን ወዴት እንደሚተፋ ያየ ያውቀዋል። ክምሩም ከመሬት ተነሳ፣ የላይኛው ከረጢት ያቆረውም ወረደ። ደንግጬ ሪሞቱን ተጫንኩ፤ ማሽኑ ቆመ። ብናኙ ሲሳሳ እማማ እዚያው ቆመዋል። ነጠላቸው የዋንዛ መልክ ይዟል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ እንደተሳሉት መላእክት ጎልቶ የቀረው ዓይናቸው ብቻ ነው።

ከግድግዳው ማዶ «ኤጭ! ደግሞ ሄደ?» የሚል ድምፅ መጣ። ቀጥሎ ዘፈን። ከዘፈኑ ጋር ጧ! ማሽኑም አብሮ ተነሳ። ተጫንኩ፤ ዘፈኑም ማሽኑም ጸጥ። እሱ ተጫነ፤ ሁለቱም ተነሱ። እማማን በደንብ አዳረስናቸው። ሶኬቱን የነቀለው ረዳቴ ነው።

ሪሞቱን ወደ ላይ አንስቼ «እኔ አይደለሁም!» አልኩ።

«ታዲያ እኔ ነኝ?» አሉ እማማ።

ብየዳው ሪሞቱን ይዞ መጣ። ለካ እሱም ስፒከሩ በጠፋ ቁጥር መብራት ሄደ እያለ ሲራገም ከርሟል። ጀርባቸውን ከፈትናቸው። ውስጣቸው ያለው ቺፕ ኮድ የሚሞላባቸው 8 እግሮች አሉት። እያንዳንዱ ከፖዘቲቭ ወይም ከኔጌቲቭ ይገናኛል፣ አለዚያ ባዶውን ይተዋል፤ ተባዝቶ 6561 ዓይነት ኮድ ይወጣዋል። ከዚያ ሁሉ መሀል የእሱም የእኔም ስምንቱም ባዶ! ፋብሪካው እንደተዋቸው ነው የመጡት። ኮዳቸው አንድ ስለሆነ የአንዳችን ሪሞት የሌላውንም ያዛል። ግድግዳ ደግሞ ሬዲዮ ሞገድን አያቆምም። ካውያ አግዬ የእኔን ሪሞት ሁለት እግር ከኔጌቲቭ ጋር በየድኩ፣ ተቀባይዋንም እንደዚያው። ከዚያ ወዲህ እሱ ይዘፍናል፣ እኔ ሰጋቱራዬን እመጥጣለሁ፤ አንነካካም። ረዳቴ ግን ጠበሉ ቤት ከገባ በኋላ ነው የተፈታው ብሎ እስከ ዛሬ ይከራከረኛል።

እማማ የነጠላ ማሳጠቢያ ብለው ከዋጋው ላይ አስቀነሱኝ። ቁምሳጥኑን ሊወስዱ የመጡ ቀን ደጁ ላይ ቆመው አልገባም አሉ። ሁለቱም ሪሞት ፊታቸው እንዲቀርብ ነው ትእዛዙ። ብየዳው ከሥራው ተጠርቶ መጣ። እማማ ሁለቱንም ተቀብለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ዚፑን ዘጉት።

«በል አሁን ቁምሳጥኔን አሳየኝ።»