«ቤት» «ቢት» እንዳይሆን፦ ጠባብና ባለማዕዘን የአማርኛ ፎንት ስሠራ የተማርኩት

ጠባብ፣ ክብ መስመር የሌለው፣ ጥጉ ሁሉ የተቆረጠ የአማርኛ ፎንት ልትሠሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ከ«በ» አትጀምሩ፤ ከ«ቤ» ጀምሩ። ይህን የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ግማሹን ፊደል ሁለት ጊዜ ባልሣልኩ ነበር።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም። ፎንትፎርጅ የሚባለው የፎንት መሥሪያ ሶፍትዌር ነጻ ነው፣ ይበቃል። ሰሌዳው 1000 አሃድ (የሶፍትዌሩ የውስጥ መለኪያ ነው)፣ የፊደሉ ቁመት 760፣ የእግሩ ውፍረት 110። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ (ሏ፣ ሟ፣ ቧ…) እና ሥርዓተ ነጥቦቹ መጨረሻ ላይ ይምጡ። በዩኒኮድ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ስላለው እንደ ዓረብኛ ፊደል የሚያያይዝ ኮድ መጻፍ አያስፈልግም።

ጥግ አቆራረጥ ላይ ስሌት አለ። ውጩን 100 አሃድ ቆርጣችሁ ውስጡንም 100 ከቆረጣችሁ፣ ሰያፉ መስመር ከእግሩ 1.4 እጥፍ ይወፍርና «ዐ» አራቱም ጥጓ ያበጠ ትመስላለች። ከውጩ ቁርጥ ላይ የመስመሩን ውፍረት 0.59 እጥፍ ቀንሱ። ለ110 ውፍረት 65 ይቀነሳል፣ ስለዚህ የውስጡ ቁርጥ 35 ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ግዕዙን ዓምድ ብቻ አስቀድሜ ጨረስኩ። «ለ»፣ «በ»፣ «ሰ» እያንዳንዳቸው 340 ስፋት ያዙ፦ ሁለት እግር በ110፣ መሃል ክፍተቱ 120። አምሮ ነበር፣ ማማሩ ነው ያሳሳተኝ። ኃምስ ላይ ስደርስ ስፋቱን ላለማስነካት ብዬ የ«ቤ»ን ቀለበት እዚያው ውስጥ ሰነቀርኩት። የቀለበቱ ቀዳዳ 24 አሃድ ብቻ ቀረው። ኮምፒውተር ላይ አጉልታችሁ ስታዩት ምንም አይታወቅም። ፊደሉን በ2 ሴንቲ ሜትር ቁመት ስቲከር ላይ ስትቆርጡት ግን ቀዳዳው 0.6 ሚሊ ሜትር ነው። ፕሎተሩ (የስቲከር መቁረጫ ማሽኑ) ምላጩን አያዞርበትም፤ ቢያዞርም ትርፉን ስትነቅሉ ቀለበቱ አብሮ ይነሳል፣ ወይም ተደፍኖ እብጠት ይሆናል። እግር ሥር በስተቀኝ ያለ እብጠት ደግሞ ሣልስ ነው፦ «ቤት» «ቢት»፣ «ጤና» «ጢና» ተብሎ ይነበባል። ምግብ ቤት፣ መድኃኒት ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ጤና ጣቢያ… የከተማችን ታፔላ ሁሉ በኃምስ የተሞላ ነው። በሳድስ ብትሳሳቱ አንባቢ ገምቶ ያልፋችኋል፣ በ«ቤ» ግን ደንበኛው ራሱ ነው መልሶ የሚያመጣላችሁ።

መጀመሪያ የቀለበቱን ግድግዳ ወደ 30 አሳነስኩት። ባነር ላይ ሠራ፣ ስቲከር ላይ እንደ ክር ተበጠሰ። ቀጥዬ ቀለበቱን ከመሠረት መስመሩ በታች አወረድኩት፤ ከሥር ካለው መስመር ጋር ተላተመ። ያዋጣው ሦስተኛው ነው፣ እሱም እልህ ይዞኝ የዘለልኩት፦ ኃምሱን ማስፋት። «ቤ» 440 ሆነች፤ ቀለበቱ ከውጭ 170፣ ግድግዳው 55፣ ቀዳዳው 60። በ2 ሴንቲ ሜትር ቁመት 1.6 ሚሊ ሜትር ይወጣል፣ ምላጩም ይዞራል። ጠባብ ፎንት ማለት ፊደሉ ሁሉ እኩል ይጥበብ ማለት አይደለም። «ጤ» ሦስት እግር ስላላት እግሮቿን ወደ 92 አቅጥኜም 570 ወስዳለች፤ ይሁንላት።

የሣልሱንም ቅጥያ አብሬ ለወጥኩ። ቁመቱ 60 ብቻ የሆነ ጠፍጣፋ ሰረዝ አደረግሁት። ቀለበቱ 170 ስለሚቆም፣ ቀለም ቢደፍነው እንኳ «ቤ»ና «ቢ» በቁመት ይለያሉ።

የፎንት ሶፍትዌር መመሪያዎች «ተደጋጋሚውን ቅርጽ አንዴ ሥሩና በየፊደሉ ጥሩት» ይላሉ። ለአማርኛ ቀለበት አትስሟቸው። ቢያንስ ሦስት ቀለበት ያስፈልጋል፦ ለባለሁለት እግር፣ ለባለሦስት እግር፣ እና እንደ «ቴ»፣ «ቄ» ላሉት ባለአንድ እግር። የኋለኞቹ ላይ ቀለበቱ ከክንዱ ወይም ከሆዱ ሥር ስለሚጠለል ስፋት መጨመር እንኳ አያሻም። በፊደልና በፊደል መካከል ያለው ክፍተትም በጅምላ አይሆንም፤ ከ«ቤ» ቀለበት በላይ ባዶ ቦታ ስለሚቀር «ቤት» ላይ «ት»ን በ60 አሃድ ወደ ግራ ሳቧት፣ ክንዷ ቀለበቱ ላይ ያጠላል።

አጠቃቀሙን በተመለከተ፦ ለጋዜጣ ርዕስ፣ ለፖስተር፣ ለማሊያ፣ ለሱቅ ታፔላ ነው። ከ24 ነጥብ (ፖይንት) በታች አታውርዱት፣ አንቀጽ አትጻፉበት። ፊደላችን እንደ ላቲኑ ረጅም ጭራ ስለሌለው ባለሁለት መስመር ርዕስን በ90 በመቶ የመስመር ርቀት ማጠጋጋት ይቻላል፤ ይህ ፎንት ከሁሉ የሚያምረውም እንደዚያ ተደራርቦ ነው።

ሌላው የሚያናድደኝ የማስታወቂያ ቤቶች ነገር ነው። ጠባብ ፎንት ሰጥታችኋቸው ቦታው ካልበቃ በማውዝ ጎትተው ወደ 70 በመቶ ይጨምቁታል። 110 የነበረው እግር 77 ይሆናል፣ አግድሙ እንዳለ ይቀራል፣ ቀዳዳው 42 ይገባል፤ የደከማችሁበት ሁሉ ሜዳ ላይ ቀረ። ፋይሉን ወደ ከርቭ (ጽሑፍ ሳይሆን የተሣለ ቅርጽ) ቀይራችሁ ላኩ። ማዘዣው ላይ ቁመቱን ብቻ ሳይሆን የጽሑፉን ሙሉ ርዝመት በሴንቲ ሜትር ጻፉ፣ ተቆርጦ ሲመጣም ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ሜትር አውጥታችሁ ለኩ።