በአንዲት ወጣት ዱካ፦ የስድስት ሳምንት የንባብ ማስታወሻ

በጣሊያን ወረራ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ የኖረች የአንዲት ወጣት ሴት ሕይወት የሚተርከውን ታሪካዊ ልብ ወለድ ማንበብ ከጀመርኩ ስድስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ቀድሞ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲገጥመኝ መጨረሻውን ለማወቅ ስለምጓጓ በሁለት ሌሊት እጨርሰውና ከወር በኋላ የባለታሪኳ ስም እንኳ ይጠፋኝ ነበር። አሁን ግን በአንድ ቀን ከአንድ ምዕራፍ ላለማለፍ ወስኜ፣ ልጅቷ የምትሄድበትን መንገድና የምትከፍለውን ገንዘብ በደብተር እየመዘገብኩ ነው የማነበው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ብዙም ፍሬ አልነበራቸውም። በሦስተኛው ሳምንት ግን መዝገቡ ራሱ ጥያቄ ያነሣብኝ ጀመር። ልጅቷ መጀመሪያ ላይ የምትገበየው አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነው፤ ከአምስት ምዕራፍ በኋላ ደራሲው አንዳች ሳያብራራ እንስራዋን አዝላ ወደ ምዕራብ ስትጓዝ አገኘኋት። የደራሲው ስሕተት መስሎኝ ነበር። ጣሊያኖች የአገሬውን ሰው ከነጮች ለመለየት ሲሉ ገበያውን ከአራዳ አንሥተው ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ማዛወራቸውን ሳስታውስ ግን፣ ያ የጉዞ ድካም ለምን እንደተጻፈ ገባኝ። እዚያው ገበያ ላይ ነጋዴው ሊሬዋን አልቀበል ሲላት የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ አንድ ጠገራ ብር ታወጣለች፤ እሱም ድንጋይ ላይ ጣል አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል። ወረቀቱን ያላመነ ሰው ብሩን በጆሮው ሲያምን የሚያሳየውን ይህን አንቀጽ አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

በዚህ ሳምንት የደረስኩበት ምዕራፍ ከሁሉም ከብዶኛል። ደራሲው ዕለቱን የሚነግረን ዐርብና የሚካኤል ቀን መሆኑን ብቻ ነው፤ ጎረቤቷ አሮጊት ለድሆች ምጽዋት ይሰጣል መባሉን ሰምተው ማልደው ወደ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ይወጣሉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. መሆኑን የተረዳሁት እዚህ ላይ ነው። በግራዚያኒ ላይ የተጣለው ቦምብም፣ ለሦስት ቀናት የዘለቀው ጭፍጨፋም በገጹ ላይ በስማቸው አልተጠሩም፤ ያለችው አሮጊቷ ሳይመለሱ ቡናው እንዳይቀዘቅዝ ጀበናውን ደጋግማ እሳት ላይ የምትመልስ ልጅ ናት።

ከዚያ ወዲያ ለሁለት ቀናት ወደ ፊት መቀጠል አልቻልኩም። ወደ ኋላ ተመልሼ አሮጊቷ ያሉባቸውን ገጾች ስፈልግ፣ በመጀመሪያው ንባቤ ሦስት ቦታ ብቻ የመዘገብኳቸውን እናት ዘጠኝ ቦታ አገኘኋቸው። አራት ምዕራፎች ቀርተውኛል።